ሰማያዊው ኮከብ ይግላል ያለች ልጅ

ዳንግላ ላይ፣ ሰው በሞላበት አዳራሽ ውስጥ፣ ተነሥቼ ጮኼ አውቃለሁ። በመምህርነት በኖርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ድምፄን እንዲያ ያወጣሁበት ሌላ ቀን የለም። ከዚያ በኋላ ስንት ሰው «አንቺ ደግሞ፣ ለአንዲት ጥያቄ እንዲህ ይሆናል?» አለኝ። አዎ፣ ለአንዲት ጥያቄ ነው።

የፊዚክስ መምህርት ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት እንጅባራ ነው፤ የማስተምረው ግን ግምጃ ቤት ከተማ ነው፤ እዚያው ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። በትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክበብ ነበረኝ። ዓርብ ከሰዓት፣ ሌላው ወደየቤቱ ሲሄድ፣ አሥራ አምስት ያህል ተማሪዎች ይቀሩልኝ ነበር። ያን ዓመት ስለ ከዋክብት እንማር ተባባልን። መሣሪያ የሚባል ነገር የለንም። እኛ አገር የማይጠፋው ቀርከሃ ነውና ቀርከሃ ቆረጥን፤ አንዱን አፉን በካርቶን ደፍነን በምላጭ ቀጭን ስንጥቅ አወጣንበት፤ በሌላው ጫፍ የተሰበረ ሲዲ ቁራጭ አጋድመን አስገባን። በስንጥቁ የገባው ብርሃን ሲዲው ላይ አርፎ ወደ ቀለማቱ ይበተናል። የቢሮውን ረጅም አምፖል ስናይበት ቀለማቱ ተነጣጥለው እንደ መስመር ቆሙ፤ የደመናውን ብርሃን ስናይበት ደግሞ እንደ ቀስተ ደመና ተያይዘው ተዘረጉ። ልጆቹ ቀርከሃውን ሲነጣጠቁ ያየ ሰው ማር የያዙ ይመስለው ነበር።

ከእነዚህ ልጆች አንዷ አሥራ አንደኛ ክፍል የነበረች፣ ከሩቅ ቀበሌ የመጣች ልጅ ናት። በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል ስለሚወስድባት ከሌላ ተማሪ ጋር ከተማው ውስጥ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ቤታቸው አዊኛ ነው የሚነገረው፤ አማርኛዋ ግን ከብዙዎቹ የጠራ ነው። ስትናገር አትቸኩልም። ሁልጊዜ አግዳሚ ወንበሩ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፤ ስለ ቤተሰቧ ሲወራ ትነሣለች። ዓይን አፋር ናት ብዬ አልፌው ነበር።

መጀመሪያ ያስተማርኳቸው ርቀት መለካት ነው። አውራ ጣታቸውን ዘርግተው አንዴ በግራ ዓይን፣ አንዴ በቀኝ ዓይን እንዲያዩት አደረግሁ፤ ጣቱ ወዲያና ወዲህ የዘለለ ይመስላል። ከዚያ ሜዳ ወጥተን ከወንዙ ማዶ ያለውን ዛፍ ከሁለት ቦታ ሆነን አነጣጠርነው፤ በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለውን በገመድ ለካን፤ ማዕዘኑን ያዝን። ያቺ ልጅ መሬት ላይ በጭረት አስልታ የዛፉን ርቀት ተናገረች። በድልድዩ ተሻግረን ገመዱን በወንዙ ላይ ወጥረን ስንለካው ልዩነቱ ሦስት እርምጃ እንኳ አልሞላም። «ከዋክብትንም እንዲሁ ነው» አልኳቸው። «ምድር በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች። አጥኚዎች ኮከቡን ዛሬ አንድ ጊዜ፣ ከስድስት ወር በኋላ ከወዲያኛው ጥግ ሌላ ጊዜ ያዩታል። ኮከቡ ከጀርባው ካሉት አንጻር ስንት እንደተነቃነቀ ይለካሉ። ፓራላክስ ይባላል።»

እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ርቀቱስ እሺ። ማንም ሄዶ ያልነካውን ነገር ሙቀቱን በምን አወቁት?»

«በቀለሙ» አልኩ። «እስኪ ሁላችሁም ንገሩኝ። ከቀይ ኮከብና ከሰማያዊ ኮከብ የቱ ይበልጥ የጋለ ይመስላችኋል?»

«ቀይ!» አሉ በአንድ አፍ።

እሷ ብቻ ራሷን ነቀነቀች። «ቀይማ ገና ነው» አለች።

«በምን አወቅሽ?»

አንገቷን ደፋች። ጓደኞቿ ዞር ብለው አዩዋት። እኔም አላስጨነቅኋትም። በጥር ሰማዩ ጠርቶ ሳለ አንድ ቀን ገና ሲመሽ ግቢው ውስጥ አቆምኋቸውና በኦሪዮን ትከሻ ላይ ያለችውን ቀላ ያለች ኮከብና እግሩ ላይ ያለችውን ሰማያዊ ነጭ አሳየኋቸው። ቀይዋ ሦስት ሺህ ተኩል ግድም ዲግሪ፣ የእግሩ ደግሞ ከአሥር ሺህ በላይ ናት። ቀይዋ እንዲያ የደመቀችው ስለጋለች ሳይሆን እጅግ ግዙፍ ስለሆነች ነው። የኮከብ ድምቀት የሚመጣው ከግለቱም ከስፋቱም ነውና ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ከዋክብትን በግለታቸው የሚመድቡባቸውን ፊደላትም ጻፍኩላቸው፤ ኦ፣ ቢ፣ ኤ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኬ፣ ኤም። ኦ ሰማያዊዎቹና በጣም የጋሉት፣ ኤም ቀዮቹና ከሁሉ ቀዝቀዝ ያሉት። የእኛ ፀሐይ ጂ ውስጥ ናት።

በሚያዝያ ዳንግላ ላይ የትምህርት ቤቶች የጥያቄና መልስ ውድድር ተዘጋጀ። ሦስት ልጆች ይዤ ሄድኩ፤ እሷንና ሁለት ወንዶች። ሚኒባሱ ውስጥ ሦስቱ አንድ ወንበር ላይ ተጨናንቀው ተቀምጠው ነበር። ካልሲየምን ከፖታሲየም እየቀላቀሉ ይሳሳቃሉ፤ ቆሎ ከአንድ ላስቲክ ይካፈላሉ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የከሰል ማዳበሪያ ተደርድሯል። ቀኑ ያማረ ነበር።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ከመድረኩ ፊት ሦስት ዳኞች ተቀምጠዋል። መካከል ያሉት ሰብሳቢ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ከረባት ያሰሩ፣ ሁሉም ተነሥቶ የሚጨብጣቸው የቆዩ የሳይንስ መምህር ናቸው። ልጆቼ አንድ በአንድ እያለፉ መጨረሻው ላይ ደረሱ። ከአንድ ሌላ ትምህርት ቤት ጋር እኩል ሆኑ፤ አንድ ጥያቄ ቀረ። ዕጣው ለእሷ ወጣ። ሰብሳቢው ከወረቀቱ አነበቡ።

«ከሁለት ከዋክብት አንዱ ቀይ፣ ሌላው ሰማያዊ ቢሆን፣ ገጹ ይበልጥ የጋለው የትኛው ነው? ምክንያትሽን አስረጂ።»

ልቤ በደስታ ዘለለ። እሷ ማይኩን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ሰማያዊው ነው» አለች። «ብረት እሳት ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ጠቆር ያለ ቀይ ይሆናል። ወናፉ ሲበረታበት ይደምቃል፣ እንደ ብርቱካን ይሆናል። ከዚያ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ወደ ነጭ ይሄዳል። ብረት ከዚያ በላይ አይችልም፣ ይቀልጣል። ኮከብ ግን ይችላል። ከነጭም አልፎ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። አባቴ ማጭድ ሲሠራ፣ ቀዩ ገና ነው ይላል።»

ከዚያ የተሻለ መልስ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። እኔ በሰሌዳ ሙሉ ጽሑፍ የማስረዳውን እሷ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው። ግን ከአዳራሹ ኋላ አንዱ «የቀጥቃጭ ልጅ ናት ለካ!» አለና ሳቁ ከወንበር ወደ ወንበር ተዛመተ።

ያን ጊዜ ነው ሁሉም ነገር የገባኝ፤ የወንበሩ ጫፍ፣ ስለ ቤተሰብ ሲወራ መነሣቷ። በእኛ አገር ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ መጥረቢያውን የሚሠራልንን ሰው ቡዳ ነው እንላለን፤ ዓይኑን እንፈራለን፤ ልጃችንን አንድርለትም። በሠራው ማረሻ አርሰን በልተን ስናበቃ ነው ይህን የምንለው።

ሰብሳቢው እጃቸውን አንሥተው ሳቁን አስቆሙ። ልጄን ሊያግዙ መስሎኝ ነበር።

«የተጠየቅሽው ሳይንስ ነው፣ የቤት ወሬ አይደለም» አሉ። «መልሱ ቀይ ነው። ተሳስተሻል።»

ተነሣሁ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ መልሱ ልክ ነው» አልኩ።

«እህቴ፣ ተቀመጪ።»

«የከዋክብት ሙቀት የሚመደበው እንዲያ ነው። ሰማያዊው ነው የጋለው።»

«እህቴ፣ የቧንቧ ምልክት እንኳ አይተሽ አታውቂም? ቀዩ ሙቅ ነው፣ ሰማያዊው ቀዝቃዛ።»

አዳራሹ እንደገና ሳቀ፤ በዚህ ጊዜ በእኔ። ስልኬን አውጥቼ ስለ ከዋክብት ቀለም የሚያስረዳ ገጽ ልከፍት ሞከርኩ፤ ኔትወርክ የለም። በቀኝ በኩል የተቀመጠው ወጣት ዳኛ ወረቀቱን ወደ ራሱ ስቦ ተመለከተና ወደ ሰብሳቢው ጆሮ ጠጋ ብሎ አንድ ነገር አለ። ሰብሳቢው ወረቀቱን መልሰው ወሰዱት።

«የዳኞች ውሳኔ የመጨረሻ ነው» አሉ።

«እንግዲያው ውሸት ነው የምትሸልሙት!» ብዬ ጮህኩ። «ልጅቷ እውነቱን በዓይኗ አይታው ነው የመለሰችው! ከመካከላችሁ የጋለ ብረት ያየ አንድ ሰው የለም?»

የግቢው ጥበቃ ክንዴን ይዞ እንድወጣ ለመነኝ። ስወጣ ዞር ብዬ አየኋት። ማይኩን ገና አላስቀመጠችውም።

በመልስ ጉዞ ከሁለቱ ወንዶች አንዱ፣ ጠዋት ቆሎ አብሯት ሲበላ የነበረው፣ «እኔ ፊት ልቀመጥ» ብሎ ከአጠገቧ ተነሣ። ሌላው መስኮቱ ላይ ተለጠፈ። ልናገረው አፌን ስከፍት ጉልበቴን በእጇ ነካችኝና «ይተዉት ቲቸር» አለችኝ። ለእሷ የመጀመሪያዋ አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ልብሷን በላስቲክ ይዛ ደጄ ላይ ቆማ አገኘኋት። አከራይዋ ክፍሉን ለዘመድ ፈልጌዋለሁ ብላታለች። ጫማዬን አድርጌ ወዲያው ወደ ሴትዮዋ ሄድኩ።

«ዘመድዎ መቼ ነው የሚመጣው?» አልኳት።

«መምህርት፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት፣ አይገባዎትም» አለችኝ። «እኔ ትንንሽ ልጆች አሉኝ። አንድ ነገር ቢሆኑብኝ ማን ይደርስልኛል?»

«ዓመት ሙሉ አብራችሁ ስትኖር ምን አደረገቻቸው?»

«አላወቅሁማ!»

አሁንም ይህን ቃል ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል። ዓመት ሙሉ ልጆቿን የቤት ሥራ ያሠራችላት ያችው ልጅ ናት። ምንም አልሆኑም። ግን ስሟን ስታውቅ ሳይሆን የአባቷን ሥራ ስታውቅ ፈራቻት።

እኔ ቤት ገባች። በዚያ ሳምንት ብዙ አትናገርም ነበር። አንድ ቀን ግን እራት ላይ «ቲቸር፣ ፊደላቱ ለምንድን ነው በተራ ያልሆኑት?» ብላ ጠየቀችኝ። ኦ፣ ቢ፣ ኤ የሚለውን ማለቷ ነው። ነገርኳት። መጀመሪያ ከዋክብቱን የመደቡት በብርሃናቸው ውስጥ የሃይድሮጅን መስመር ምን ያህል ጎልቶ እንደሚታይ እያዩ፣ ከኤ ጀምረው በተራ ነበር። ኋላ በግለታቸው ሲደረድሯቸው ፊደላቱ ተዘበራረቁ፤ አንዳንዶቹም ተጣሉ። ያን ሁሉ ሥራ ከመቶ ዓመት በፊት አሜሪካ ውስጥ የሠሩት፣ መስታወት ላይ የተነሣ ፎቶ እያዩ አንድ በአንድ የመደቡት፣ በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ ቴሌስኮፑን ግን እንዲነኩት እንኳ አይፈለግም ነበር። ኋላም አንዲት ወጣት ሴት ከዋክብት በአብዛኛው የተሠሩት ከሃይድሮጅን ነው ብላ ጻፈች። አንድ ስመ ጥር ሊቅ ይህ አይሆንም አላት፤ እሷም ጽሑፏ ላይ ውጤቱ እውነት ላይሆን ይችላል የሚል ቃል ጨመረች። ከዓመታት በኋላ ያው ሊቅ ራሱ በሌላ መንገድ ደርሶበት ልክ ነበረች አለ።

«ይቅርታ ጠየቃት?» አለችኝ።

«እሱን አላውቅም» አልኩ። እውነቴን ነው፣ አላውቅም።

በሳምንቱ አባቷ መጣ። ከእኔ በዕድሜ ብዙ የሚበልጥ፣ ክንዱ ላይ የእሳት ፍንጣሪ ጠባሳ የሞላ ሰው ነው። ይግቡ ብለውም አልገባም፤ ከአጥሩ ውጭ ቆመ።

«ሊወስዷት ነው የመጡት፣ ጋሼ?»

«ይብቃት» አለኝ በተሰባበረ አማርኛ። «ትምህርት ቤት የላክኋት ሰው እንድትሆን ነው። እናንተ ግን አደባባይ አውጥታችሁ አሳቃችሁባት።»

ሐሰት አልተናገረም። ላስቲኳን ይዛ ተከተለችው።

በነጋታው የመጀመሪያውን ሚኒባስ ይዤ ዳንግላ ሄድኩ። ሰብሳቢው ቢሮ ድረስ በባጃጅ ሄጄ ገባሁና ከፊዚክስ መጽሐፍ ፎቶ ኮፒ አድርጌ ያመጣሁትን ገጽ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ። አላዩትም።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ያን ዕለት ማታውኑ አየሁት። መልስ ያዘጋጀው ሰው ተሳስቷል።»

«ያውቃሉ?» አልኩ። «አውቀው ዝም አሉ?»

«ሽልማቱ ተሰጥቷል። አሸናፊው ተጨብጭቦለታል። አሁን ምን ይደረግ ትያለሽ?»

«ልጅቷ ከቤት ተባርራለች። ትምህርቷን ትታለች። ይጻፉልኝ። ልክ ነበረች ብለው ይጻፉ።»

«ለአንዲት ጥያቄ…» ብለው ጀመሩ።

ከነገሩ ሁሉ ይበልጥ ያቃጠለኝ ይህ ነው። ሰው ይሳሳታል። እኔም በሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ተሳስቻለሁ፤ ተማሪ አርሞኝ አመስግኜዋለሁ። እኚህ ሰው ግን እውነቱን ኪሳቸው ከተው፣ ክብራቸው እንዳይጎድል ልጅቷ ትጉደል አሉ። ባዶ እጄን ተመለስኩ። በሳምንቱ ደግሜ ሄድኩ፤ የሉም ተባልኩ። ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ከበሩ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። ወጣቱ ዳኛ አገኘኝና አብሮኝ ገባ። «እኔም ልክ ናት ብዬ ነበር፣ እፈርማለሁ» አላቸው። ሰብሳቢው ሳያዩኝ ፈረሙ፣ ማኅተም ተደረገበት። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። ተማሪዋ ለመጨረሻው ጥያቄ የሰጠችው መልስ ትክክል መሆኑን እንገልጻለን ትላለች። ይቅርታ የሚል ቃል የለባትም።

ወረቀቷን ይዤ በጋሪ፣ ቀጥሎም በእግር ቀበሌያቸው ሄድኩ። አባትየው ከጎጆው ጀርባ ካለችው ዳስ ሥር ተቀምጦ መስፉ ላይ ማጭድ ይቀጠቅጣል፤ እሷ ወናፍ ትነፋለች። ወረቀቷን ሰጠኋት። ለአባቷ በአዊኛ አነበበችለት። ብረቱን እሳት ውስጥ መልሶ ከተተ።

«ይህን የሚያውቁ ከሆነ፣ ያን ጊዜ አፋቸውን ማን ያዘው?» አለ።

«ፈርተው ነው» አልኩ።

«የሚፈሩት እነሱ፣ የምንደበቀው እኛ።» ጉጠቱን አነሣ። «ወረቀቱ ጥሩ ነው። ግን ወረቀት ቤት አያከራያትም።»

«እኔ ቤት ትኖራለች። እስክትጨርስ ድረስ።» ከዚያ ያላሰብኩትን ተናገርኩ። «ጋሼ፣ የክበቡን ልጆች እዚህ ላምጣቸው? የሳቁት እዚህ መጥተው ይማሩ።»

«ከመጡ ይምጡ» አለ። የሚመጡ አልመሰለውም።

ከአሥራ አምስቱ ስምንት መጡ። የሌሎቹ ወላጆች ከለከሉ፤ አንዲት እናት እኔንም ትምህርት ቤት ድረስ መጥታ ሰደበችኝ። ፊት ልቀመጥ ብሎ የተነሣው ልጅ ግን ከስምንቱ አንዱ ነበር። አንድ ቃል አልተናገረም፤ እንደደረሰ ወናፉን ከእጇ ተቀበላት። እሷ ከእሳቱ ጎን ቆመች። አባቷ ብረቱን በጉጠት ያወጣል፣ እሷ በአማርኛ ታስረዳለች። ልጆቹ በቀርከሃው ተራ በተራ አዩ። ብረቱ ገና ደብዘዝ ያለ ቀይ ሳለ ቀርከሃው ውስጥ የሚታየው ቀይ ብቻ ነው። ሲደምቅ ቢጫው ገባ፣ አረንጓዴው ተከተለ፤ ነጭ ሊሆን ሲል ሰማያዊው ከዳር ብቅ አለ። «አያችሁ?» አለች። «ሰማያዊው ከመጨረሻ ነው የሚመጣው። ብዙ እሳት ይፈልጋል።» አባቷም ቀርከሃውን ተቀብሎ አየበት። በእድሜው ሙሉ የሚያውቀውን እሳት በቀለማቱ ተከፋፍሎ ሲያየው ሳቀና በአዊኛ አንድ ነገር ተናገረ። ምን እንዳለ ስጠይቃት «እሳቱን፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ሳላይህ ነው የሠራሁብህ አለው» አለችኝ።

በሰኞው ተመልሳ ክፍል ገባች። እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እኔ ቤት ኖረች። ጨው እያበዛች ወጥ ትሠራለች፤ እኔም እበላለሁ። ፈተናውን አለፈችና ዩኒቨርሲቲ ገባች። በመጀመሪያው ሳምንት ደወለችልኝ። ምዝገባ ላይ ቅጽ ሞልተዋል፤ አንዱ ቦታ የአባት ሥራ ይላል።

«ምን ብለሽ ሞላሽ?» አልኳት። ድምፄ ውስጥ የነበረው ፍርሃት ለራሴም ተሰማኝ። ገበሬ ብትዪ ይሻል ነበር ልላት ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

«ቀጥቃጭ» አለች። «መዝጋቢዋ ልጅ አንዴ ቀና ብላ አየችኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ የሚቀጥለው ቦታ ምን ይላል አልኳት፣ ሞላሁ።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ኮርቻለሁም። ግን ተቀምጬ ስቆጣ አመሸሁ። አንዲት ልጅ የአባቷን ሥራ ቅጽ ላይ ለመጻፍ እንዲያ መድፈር ለምን ያስፈልጋታል? እኔስ፣ በእሷ ስም የጮህኩት ሴት፣ ለምን ነው ውሸቱን ልመክራት የደረስኩት?